«ቀስ ብሎ ይግባ» ስንት ሚሊኒውተን ነው? የውስጥ ጆሮ ቀዶ ሕክምና መሣሪያ ተመራማሪ ለመሆን

ወደ ውስጥ ጆሮ የሚያስገባው ክብ መስኮት ስፋቱ 2 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ውፍረቱ 70 ማይክሮን ያህል ነው (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው)፤ የአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ማለት ነው። ከሽፋኑ ወዲያ ኮክሊያ አለ፦ ሁለት ዙር ተኩል ተጠቅልሎ የተቀመጠ፣ ቢዘረጋ 35 ሚሊሜትር ገደማ የሚሆን፣ በፈሳሽ የተሞላ ቦይ። በውስጡ 15,000 ያህል ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት አሉ፤ በሰው ላይ እነዚህ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ዙሪያውን የከበበው አጥንት በሰውነታችን ካሉት አጥንቶች ሁሉ ጠጣሩ ነው። በደም በኩል የተላከ መድኃኒትም አብዛኛው ደጅ ላይ ይቀራል።

እኔ ሜካኒካል መሐንዲስ ነኝ። የመጀመሪያ ዲግሪዬን አምስት ኪሎ፣ ሦስተኛውን አሜሪካ ተማርኩ። አሁን የምውለው ለዚያ ስስ ሽፋን የሚሆኑ መርፌዎችና መያዣዎች በሚሠሩበት ላብራቶሪ ነው። አብረውኝ የሚሠሩት የአንገት በላይ ቀዶ ሐኪም፣ የመስማት ችሎታ መርማሪ፣ የፊዚክስ ባለሙያና የኮምፒውተር ሰው ናቸው። ከአዲስ አበባ፣ ከጅማ፣ ከዲሲ አካባቢ፣ ከጀርመንም ተማሪዎች ይጽፉልኛል። ጥያቄያቸው ተመሳሳይ ነው፦ ሐኪም ልሁን ወይስ መሐንዲስ? የት ልማር? ማን ይቀበለኛል? ለያንዳንዱ ለብቻው ከምመልስ ብዬ እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ጻፍኩት።

ዋናውን አስቀድሜ ልናገር። ይህ ሙያ ግማሽ ሐኪም፣ ግማሽ መሐንዲስ መሆን አይደለም። የቀዶ ሐኪም እጅ የሚያውቀውን ነገር ወደ ቁጥር መለወጥ ነው። ሐኪሙ «ቀስ ብሎ ይግባ» ይላሉ። የእናንተ ሥራ «ቀስ» ማለት በሰከንድ ስንት ሚሊሜትር፣ በስንት ሚሊኒውተን ኃይል እንደሆነ ለክቶ በዚያው ልክ የሚሠራ መሣሪያ ማቅረብ ነው። ይህን የሚችል ሰው በየትኛውም ትምህርት በኩል ቢመጣ ይፈለጋል።

መጀመሪያ ችግሩን እወቁት

ብዙ ወጣት ከመሣሪያው ይጀምራል፤ ሮቦት፣ ባለ ሦስት ገጽታ ማተሚያ፣ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ይላል። እናንተ ከበሽተኛው ጀምሩ።

አንድ ሰው በድንገት በአንድ ጆሮው መስማት ቢያቆም፣ ከሕክምናዎቹ አንዱ ስቴሮይድ በጆሮ ታምቡር በኩል ወደ መካከለኛው ጆሮ መውጋት ነው። ከዚያ ታካሚው ጭንቅላቱን አዘንብሎ ይተኛል፣ መድኃኒቱም በክቡ መስኮት ሽፋን በኩል ራሱ ሰርጎ እንዲገባ ይጠበቃል። ከፊሉ በጉሮሮ በኩል ይወርዳል። የቀረው ምን ያህሉ እንደሚገባ ከሰው ሰው ይለያያል፤ አንዱ ሰው ሽፋኑ ላይ ተጨማሪ የሥጋ እጥፋት ይኖረዋል፣ ሌላው አይኖረውም። ሐኪሙ የወጉትን መጠን ያውቃሉ፣ ውስጥ የደረሰውን ግን አያውቁም።

ሌላው ኮክሊያ ኢምፕላንት ነው። የድምፅ ተቀባይ ሕዋሳቱ ለሞቱበት ሰው ኤሌክትሮድ የተደረደረበት ቀጭን ክር ወደ ኮክሊያ ይገባና ነርቩን በኤሌክትሪክ ያናግረዋል። ክሩ ሲገባ የውስጡን ስስ ግድግዳ ከቀደደ ለታካሚው የተረፈው ጥቂት መስማትም አብሮ ይጠፋል። ሦስተኛው አዲሱ ነው። በጥር 2024 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከሻንጋይና ከቦስተን የመጡ ተመራማሪዎች ኦቶፈርሊን የሚባለውን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን ተበላሽቶባቸው ደንቆሮ ሆነው ለተወለዱ 6 ሕፃናት ትክክለኛውን ጂን በክቡ መስኮት በኩል እንደሰጡና 5ቱ መስማት እንደጀመሩ አሳትመዋል። ጂኑም ቢሆን በመርፌ ነው የሚገባው። ሦስቱም ሕክምናዎች የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ሳይሰብሩ መግባት።

አሁን አንድ ሥራ ጠጋ ብለን እንይ፤ ተማሪዎቼ ሁሉ እንዲያነቡት የማደርገው ነው። በኒውዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የአንገት በላይ ቀዶ ሐኪሙ አኒል ላልዋኒና የሜካኒካል ምሕንድስና ፕሮፌሰሩ ጄፍሪ ካይሳር ለዓመታት አብረው ይሠራሉ። ቡድናቸው ግንዱ 100 ማይክሮን የሆነ፣ ጫፉ ከአንድ ማይክሮን ያነሰ መርፌ በሌዘር ብርሃን ከፈሳሽ ፖሊመር ያትማል። በዚህ መርፌ የጊኒ ፒግን ሽፋን ሲወጉ ቀዳዳው ክብ አልሆነም። መርፌው ክብ ሆኖ ሳለ ቀዳዳው እንደ ዓይን ሞለል ያለ፣ ሁለት ጫፉ የሾለ ሆኖ ወጣ። ምክንያቱ የሽፋኑ አሠራር ነው። ሽፋኑ በአንድ አቅጣጫ የተሰደሩ የኮላጅንና የኢላስቲን ክሮች አሉት፤ እጅግ የሾለው ጫፍ ክሮቹን አይቆርጣቸውም፣ በመካከላቸው ገብቶ ይከፍታቸዋል። ክሮቹ ስላልተቆረጡ ቀዳዳው በሳምንት ጊዜ ውስጥ ይድናል፣ የእንስሳውም መስማት ይጠበቃል።

ሐኪም ብቻ ቢያየው «ጥሩ፣ ድኗል» ብሎ ያልፈው ነበር። መሐንዲስ ብቻ ቢያየው ደግሞ ስለ ስንጥቅ አቅጣጫ ጽፎ ይተወው ነበር። ሁለቱ አብረው ሲያዩት ግን «ጫፉ ምን ያህል ሲሾል ነው መቁረጡ ቀርቶ መክፈት የሚጀምረው?» የሚል በቁጥር የሚመለስ ጥያቄ ተወለደ። እኔ የዚህን ሙያ ውበት የማየው እዚህ ላይ ነው፤ ወደዚህ ሥራ የሳበኝም ይኸው ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ኮክሊያ ውስጥ ድምፅ እንዴት እንደሚጓዝ ያሳዩት ሃንጋሪያዊው ጌኦርግ ፎን ቤኬሺ የፊዚክስ ሰው ነበሩ፤ ሥራቸውን የጀመሩት በቡዳፔስት የፖስታ ቤት የስልክ ላብራቶሪ ነው። ከሬሳ በወጣ ጆሮ ላይ ለመሥራት ጥቃቅን መሣሪያዎቻቸውን ራሳቸው ይሠሩ ነበር። በ1961 የተሸለሙት የሕክምናውን ኖቤል ነው። ኦስትሪያዊቷ ኢንገቦርግ ሆክማይርም የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ናቸው፤ ከባለቤታቸው ጋር የሠሩት ባለ ብዙ ኤሌክትሮድ ኢምፕላንት በ1977 ቪየና ውስጥ በሰው ላይ ተተከለ። በ2013 የላስከርን ሽልማት ከአውስትራሊያዊው ሐኪም ግሬም ክላርክና ከአሜሪካዊው መሐንዲስ ብሌክ ዊልሰን ጋር ተካፍለዋል። አንድ ሐኪምና ሁለት መሐንዲሶች መሆናቸውን ልብ በሉ።

ምን ልማር?

የኔን አቋም በግልጽ እናገራለሁ፤ የማይስማሙ ባልደረቦች አሉኝ። በመጀመሪያ ዲግሪ አንድ ሥር የሰደደ ሙያ ያዙ፦ ሜካኒካል፣ ኤሌክትሪካል፣ ማቴሪያል ወይም ፊዚክስ። ባዮሜዲካል ምሕንድስና የምትማሩ ከሆነ፣ አዲስ አበባም ጅማም ጎንደርም ይሰጣል፣ እሰየው። ግን ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ቀምሳችሁ አትውጡ፤ አንዱን ጉዳይ እስከ ጥግ ሂዱበት። የሥራ ቡድን ውስጥ ስትቀመጡ «ይህን ጥያቄ እርሷ ናት የምትመልሰው» የሚባልበት አንድ ነገር ሊኖራችሁ ይገባል። አናቶሚ በኋላም ይደረስበታል። የቁስ መካኒክስን፣ ዳይናሚክስንና ስታቲስቲክስን ግን በኋላ እደርስባቸዋለሁ ማለት እጅግ ያደክማል።

ሕክምና ለምትማሩ መንገዱ ረጅም ነው፤ እውነቱን አውቃችሁ ግቡበት። አሜሪካ ውስጥ የአንገት በላይ ስፔሻሊቲ 5 ዓመት ነው፣ የውስጥ ጆሮና የራስ ቅል ሥር ሰብ ስፔሻሊቲ 2 ዓመት ይጨመርበታል። ከውጭ ለተማረ ሐኪም ለመግባት ከሚከብዱት ዘርፎችም አንዱ ነው። ስለዚህ አገር ቤት ያላችሁ ሐኪሞች ሁሉን ነገር በአሜሪካ ሬዚደንሲ (የስፔሻሊቲ ሥልጠና) ላይ አታንጠልጥሉት። ጥቁር አንበሳም ጳውሎስም የአንገት በላይ ስፔሻሊስት ያሠለጥናሉ። ስፔሻሊቲያችሁን እዚያ ጨርሳችሁ ለምርምር ፌሎውሺፕ ወይም ለሦስተኛ ዲግሪ ወደ ውጭ መውጣት የሚቻል መንገድ ነው። ጆሮ ከፍቶ የሚያውቅ እጅ ያለው ሰው በመሐንዲሶች ላብራቶሪ ውስጥ ብርቅ ነው።

ኦዲዮሎጂ (የመስማት ችሎታ ምርመራ) የተማሩትንም አልረሳም። አዲስ መሣሪያ ጆሮን መጉዳት አለመጉዳቱን የሚነግሩን እነሱ ናቸው። ከመውጋት በፊትና በኋላ የነርቩን ምላሽ በእያንዳንዱ የድምፅ ድግግሞሽ የሚለካ ሰው ከሌለ የመርፌው ሥራ ሁሉ ወሬ ሆኖ ይቀራል።

እጅ የሚያውቀውን ወደ ቁጥር መለወጥ

ይህን ክፍል ረዘም አደርገዋለሁ፤ ትምህርት ቤት የማያስተምረው ይህ ነውና።

አሜሪካ ውስጥ የአንገት በላይ ሬዚደንሲ ያለባቸው ሆስፒታሎች አብዛኛዎቹ የቴምፖራል አጥንት (ጆሮን የያዘው የራስ ቅል አጥንት) ላብራቶሪ፣ በአጭሩ ላብ፣ አላቸው፤ ሬዚደንቶች ለምርምርና ለትምህርት ከተለገሰ አስከሬን በተወሰደ አጥንት ላይ መሰርሰር የሚለማመዱበት ክፍል ነው። ባዶ ወንበር ሲኖር እንዲያስገቧችሁ ለምኑ። መሐንዲስ ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ ደስ ይላቸዋል።

ማይክሮስኮፑ ስር ስትቀመጡ በአንድ እጅ መሰርሰሪያ፣ በሌላው ውኃ መምጠጫ ትይዛላችሁ። ውኃ ያለማቋረጥ ይፈስሳል፤ ያለዚያ አጥንቱ ይቃጠላል። ከጆሮ ጀርባ ያለው አጥንት እንደ ቀፎ ክፍተት የበዛበት ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ቶሎ ቶሎ ይሄዳል። እየጠለቃችሁ ስትሄዱ አስተማሪው «ድምፁን ስሙት» ይላሉ። አጥንቱ እየሳሳ ሲመጣ የመሰርሰሪያው ድምፅ ይለወጣል። እዚህ ላይ ሻካራው ራስ በአልማዝ ይቀየራል። ቀጥሎ ፊትን በሚያንቀሳቅሰው ነርቭና በጣዕም ነርቭ መካከል ያለችው ክፍተት ትመጣለች፤ ስፋቷ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ነው። ወደ ክቡ መስኮት የሚያደርሰው ዋናው መንገድ ይህ ነው። የፊት ነርቭ ከተነካ የታካሚው ፊት ይጣመማል።

በዚያች ክፍተት አሻግራችሁ ክቡን መስኮት ለማየት ስትሞክሩ ማንም መጽሐፍ ያልነገራችሁን ሦስት ነገር ታያላችሁ። ሽፋኑ ፊት ለፊት አይታይም፤ የአጥንት ከንፈር ከልሎት በጎን ነው የሚገኘው። ጠፍጣፋም አይደለም፤ እንደ ኮርቻ የተጠማዘዘ ነው። ቀጥ ያለ እጀታ ያለው መሣሪያ ይዛችሁ ስትገቡ ደግሞ የገዛ እጃችሁ የማይክሮስኮፑን እይታ ይጋርደዋል። በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ያማረ ንድፍ የሚወድቀው እዚህ ቦታ ነው። የጆሮ መሣሪያዎች እጀታ ጎበጥ ብሎ የሚሠራው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ቋንቋው እንምጣ። አብሬያቸው የምሠራው ቀዶ ሐኪም አንድ የሙከራ መርፌ ይዘው «ጫፉ ይሸሸኛል» አሉኝ። እንዲህ ያለ ቃል ስትሰሙ ንድፉን ለመቀየር አትሩጡ። ጠይቁ፦ የሚሸሸው ሽፋኑን ከመንካቱ በፊት ነው ወይስ ከነካ በኋላ? ከመንካቱ በፊት ከሆነ ግንዱ እየተርገበገበ ነው፤ የረጋ የሚባል እጅ እንኳ በሰከንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይንቀጠቀጣል፣ ቀጭን ግንድም ያንን ያባብሰዋል። ከነካ በኋላ ከሆነ ግን ጫፉ በተጠማዘዘው ሽፋን ላይ እየተንሸራተተ ነው። የመጀመሪያው መፍትሔ ግንዱን ማደንደን ነው፣ የሁለተኛው ደግሞ የጫፉን ማዕዘን መቀየር። እኛ ኃይል መለኪያ ላይ ሰው ሠራሽ ሽፋን ወጥረን፣ ማዕዘኑን እያዘነበልን እርሳቸውን ደጋግመው እንዲወጉ አደረግን፤ ካሜራም ከጎን ተከልን። ኃይሉ ከፍ ብሎ ሽፋኑ ሳይበሳ በድንገት ዝቅ ሲል አየን። መንሸራተት ነበር። «ጫፉ ይሸሸኛል» የሚለው ቃል በኒውተንና በዲግሪ የተጻፈ የንድፍ መስፈርት ሆነ።

የቁጥሮቹን መጠን በእጃችሁ እንዲገባ ላድርግ። 100 ሚሊኒውተን ማለት የ10 ግራም ገደማ ክብደት ነው። በኤሌክትሮድ ማስገባት ላይ የምንነጋገረው ስለ አሥሮች ሚሊኒውተን ነው። የኮክሊያ የውስጥ ግድግዳ የሚቀደድበት ኃይልና የሰው ጣት መሰማት የሚጀምርበት ኃይል በጣም ይቀራረባሉ፤ ማለትም ሐኪሙ «አንድ ነገር ተሰማኝ» ባሉበት ሰዓት ጉዳቱ ደርሶ ሊሆን ይችላል። ከአይዋ ዩኒቨርሲቲ የወጣው አዮታሞሽን የተባለ ኩባንያ ኤሌክትሮዱን በሰከንድ እስከ 0.1 ሚሊሜትር በሚደርስ ዝግታ የሚገፋ ትንሽ ሞተር ሠርቶ በ2021 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርን ፈቃድ ያገኘው ይህን አይቶ ነው። እጅ በዚያ ዝግታ ሳያቋርጥ መሄድ አይችልም። የስዊዘርላንዱ በርን ቡድን ደግሞ በሁለቱ ነርቮች መካከል ከ2 ሚሊሜትር የጠበበ ዋሻ በሮቦት ሰርስሮ ታካሚ ላይ መሥራቱን በ2017 አሳትሟል።

ኦፕሬሽን ክፍል ስትገቡ ሥነ ሥርዓቱን ጠብቁ። ሰማያዊ ጨርቅ የለበሰ ነገር አይነካም። ነርሶቹን አስቀድማችሁ ተዋወቁ፤ ክፍሉን የሚያስተዳድሩት እነሱ ናቸው። ጥያቄ የሚጠየቀው ሐኪሙ አጥንት ሲሰረስሩ ሳይሆን ቁስሉን ሲሰፉ ነው። ማስታወሻ ያዙ፤ ሐኪሙ ስንት ጊዜ መሣሪያ ቀየሩ፣ የትኛውን ሲይዙ ትንፋሻቸውን ዋጡ፣ የትኛውን መሣሪያ ላልተሠራበት ሥራ ተጠቀሙበት? የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ወርቅ ነው። ሐኪም መሣሪያውን ላልታሰበለት ነገር ከተጠቀመበት፣ የሚያስፈልገው መሣሪያ ገና አልተሠራም ማለት ነው።

አገር ቤት ሆናችሁ ዛሬ የምትጀምሩት

የቴምፖራል አጥንት ላብ እስክታገኙ ቁጭ አትበሉ። ስሪዲ ስላይሰር የሚባለው የሕክምና ምስል ሶፍትዌር በነፃ ይወርዳል። ኦፕን ኢር በሚል ስም በ2019 የወጣው የ8 ቴምፖራል አጥንቶች የምስል ስብስብም ለማንም ክፍት ነው። ምስሉን ከፍታችሁ ኮክሊያውን፣ የፊት ነርቩን፣ ክቡን መስኮት በየተራ ቀለም ቀቡ። ከዚያ በሁለቱ ነርቮች መካከል አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩና ለየነርቩ ስንት ሚሊሜትር እንደቀረ ለኩ። በስምንቱም አጥንት ላይ ብትሠሩት የሰው ጆሮ ምን ያህል እንደሚለያይ ታያላችሁ፤ ይኸው ውጤት በማመልከቻችሁ ላይ ከሰርተፍኬት ክምር ይበልጣል። መብራትና ኢንተርኔት በተቆራረጠ ቁጥር ማውረዱ ያሰለቻል፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሌሊት አውርዳችሁ በዲስክ ይዛችሁ ውጡ።

ፓይተን ወይም ማትላብ ልመዱ። ሶሊድወርክስ የሚባለውን የንድፍ ሶፍትዌር የምታውቁ ከሆነ ስሕተት ታሳቢ አድርጎ መንደፍን ልመዱ፤ በ100 ማይክሮን ደረጃ ማተሚያው የሚሳሳተው 5 ማይክሮን ትልቅ ነገር ነው። በአካባቢያችሁ ባለ ሆስፒታል የአንገት በላይ ክፍል ካለ ደግሞ ሄዳችሁ መሣሪያዎቹን የሚጠግኑትን ሰዎች ተዋወቁ። መምጠጫው የሚዘጋው የት ላይ ነው? መያዣው የሚበላው የቱ ጋ ነው? ካታሎግ የማይነግራችሁን ይነግሯችኋል።

ማመልከቻው

አሜሪካ ውስጥ የምሕንድስና ሦስተኛ ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ክፍያውን ሸፍኖ የወር ደመወዝ ይሰጣል፤ ከ5 እስከ 6 ዓመት ይወስዳል። ከኪሳችሁ ክፈሉ የሚላችሁ የሦስተኛ ዲግሪ ፕሮግራም ካለ ተጠራጠሩ። ማመልከቻ የሚዘጋው ብዙ ቦታ በፈረንጆቹ ዲሴምበር አጋማሽ ነው። የማመልከቻ ክፍያ እንዲነሣላችሁና የእንግሊዝኛ ፈተና እንዲቀርላችሁ በኢሜይል ጠይቁ፤ በእንግሊዝኛ ስለተማራችሁ የሚያነሡ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ።

የት? ቦስተን የሃርቫርድ የንግግርና የመስማት ባዮሳይንስና ቴክኖሎጂ ፕሮግራም አለ። ናሽቪል ቫንደርቢልት ቀዶ ሐኪምና መሐንዲስን በአንድ ጣሪያ ሥር ያስቀመጠ ኢንስቲትዩት አለው። ጆንስ ሆፕኪንስ በሚዛን መጠበቂያ ኢምፕላንት ይታወቃል። ኮሎምቢያን ከላይ ጠቅሻለሁ። አውሮፓ ውስጥ በርን፣ የለንደኑ ዩሲኤል የጆሮ ኢንስቲትዩትና የሃኖቨር የሕክምና ዩኒቨርሲቲ አሉ። ጀርመን ውስጥ ሦስተኛ ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ሥራ ቅጥር ነው፤ ማስተርስ ይጠይቃል፣ 3 ወይም 4 ዓመት ይወስዳል። ዳድ የሚባለውን የጀርመን ስኮላርሺፕ ኢትዮጵያውያን በደንብ ያውቁታል።

ለፕሮፌሰር የምትጽፉት ኢሜይል አጭር ይሁን። «ክቡርነትዎ» እና የሕይወት ታሪክ አያስፈልገውም፤ አክብሮታችሁን የሚያሳየው ሥራቸውን አንብባችሁ መምጣታችሁ ነው። ከጽሑፎቻቸው አንዱን ምረጡ፣ አንድ ቁም ነገር ያለው ጥያቄ ጠይቁ፤ ለምሳሌ «መርፌው ስንት ጊዜ ከተወጋበት በኋላ ነው ጫፉ መደነዝ የሚጀምረው?» ከዚያ እናንተ የሠራችሁትን አንድ ነገር፣ ቢቻል ያን የስምንት አጥንት ልኬት፣ በሁለት መስመር ጻፉ። መልስ ካልመጣ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ አስታውሱ፤ ከዚያ ወደ ሌላ እለፉ።

በየዓመቱ ፌብሩዋሪ ላይ የሚደረገው የአሜሪካ የኦቶላሪንጎሎጂ (የአንገት በላይ ሕክምና) ምርምር ማኅበር ስብሰባ የዘርፉ ሰዎች ሁሉ የሚገናኙበት ነው፤ ለተማሪዎች የጉዞ ድጋፍ አለው። የጽሑፎቹን ማጠቃለያ ማንበብ ብቻ ማን ምን እንደሚሠራ ያሳያችኋል።

ከገባችሁ በኋላ

ሥራው የሚሄድበት ደረጃ አለ፦ ሰው ሠራሽ ሽፋን፣ ከዚያ የአስከሬን አጥንት፣ ከዚያ ሕያው እንስሳ፣ በመጨረሻ ሰው። እንስሳ ላይ ከመሥራታችሁ በፊት ሥልጠናና የኮሚቴ ፈቃድ ያስፈልጋል። ይህን እንደ ቢሮክራሲ አትዩት። ስንት እንስሳ በቂ እንደሆነ በስታቲስቲክስ ማስረዳት ግዴታ ነው፤ ሕይወት ያለው ፍጡር ነውና በከንቱ መጥፋት የለበትም።

ገንዘቡ አሜሪካ ውስጥ በዋናነት የሚመጣው ከብሔራዊ የጤና ተቋማት ውስጥ የመስማት ጉዳይ ከሚመለከተው በ1988 ከተቋቋመው ኢንስቲትዩት ነው። ለተማሪ የሚሰጠው ኤፍ 31 የሚባለው ድጋፍ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ይጠይቃል፤ የተማሪ ቪዛ ያላችሁ ጊዜያችሁን አታባክኑበት። ኬ 99 የሚባለው የድኅረ ዶክትሬት ድጋፍ ግን ለሌላ አገር ዜጎችም ክፍት ሆኖ ቆይቷል።

አዲስ ነገር ከሠራችሁ ጽሑፍ ከማሳተማችሁ፣ ፖስተርም ከማቅረባችሁ በፊት ለዩኒቨርሲቲው የፈጠራ ጽሕፈት ቤት አሳውቁ። በብዙ አገር አስቀድሞ የታተመ ነገር ባለቤትነት መብት አያገኝም።

ሁሉም ሰው ፕሮፌሰር አይሆንም፣ መሆንም የለበትም። ኮክሊያር፣ ሜድኤልና አድቫንስድ ባዮኒክስ የኢምፕላንቱ ትልልቅ ኩባንያዎች ናቸው፤ ለጂን ሕክምና ማስገቢያ መሣሪያ የሚሠሩም እየተጨመሩ ነው። እነሱ ዘንድ የሚፈለገው አይኤስኦ 14971 የሚባለውን የአደጋ ትንተና፣ 10993 የሚባለውን የቁስ ከሰውነት ጋር መስማማት፣ 13485 የሚባለውን የጥራት ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ነው። ተማሪ ሳላችሁ አንድ የአደጋ ሰንጠረዥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሠርታችሁ እዩ፦ ጫፉ ውስጥ ተሰብሮ ቢቀርስ? ማምከኛው ፖሊመሩን ቢያጎብጠውስ? ሐኪሙ በግራ እጃቸው ቢይዙትስ?

ላብራቶሪ ስትመርጡ ፕሮፌሰሩን ብቻ አታናግሩ። አሁን ያሉትን ተማሪዎች ለብቻ አግኝታችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ቀዶ ሐኪሙ ወደ ላብ የሚመጡት በየስንት ጊዜው ነው? አንተስ ለመጨረሻ ጊዜ ኦፕሬሽን ክፍል የገባኸው መቼ ነው? ተማሪው ለማስታወስ ከተቸገረ፣ የሐኪሙ ስም የምርምር ገንዘቡ ማመልከቻ ላይ እንጂ ሥራው ላይ የለም፤ ወደ ሌላ ላብ አመልክቱ።